ሥልጣን የሌለው ኃላፊነት፦ በጅጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሠራተኞች የሥራ እርካታና ምሬት

በጅጅጋ ከተማ በባንክም ሆነ በግብር መክፈያ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ክፍልም ሆነ በክልሉ ቢሮዎች ደጃፍ ወረፋ ይዞ የቆመ ባለጉዳይ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ቃል «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። ይህ ቃል ለባለጉዳዩ የአንድ ቀን መጉላላት ሲሆን ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ግን ጥፋቱን ከራሱ አውርዶ በሌላው ትከሻ ላይ የሚያኖርበት ምቹ ማመካኛ ነው፤ ያም ሌላው ሰው፣ በተለምዶ «አይቲው» እየተባለ የሚጠራው ባለሙያ፣ የመብራቱም የመስመሩም የግዢውም ጌታ ሳይሆን የሦስቱም ተጠያቂ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንደክመው ነገር ቢኖር ይኸው የሥልጣንና የኃላፊነት መራራቅ፣ ብዙ ጊዜ ከሚነገርለት ከደመወዝ ማነስ ይልቅ፣ በጅጅጋና በአካባቢዋ በሚሠሩ የሙያው ሰዎች ኅሊና ውስጥ ምሬትን የሚያሳድር ዓቢይ ምክንያት መሆኑን ነው።

የሥራ እርካታን ነገር ከቀደሙት መርማሪዎች አንዱ አሜሪካዊው ሮበርት ሆፖክ በ1935 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አውጥቶት ነበር፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። እነዚህ ሊቃውንት በፒትስበርግ አካባቢ የሚሠሩ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቀው፣ ሰውን በሥራው ደስ የሚያሰኙት ነገሮች፣ ማለትም ጀምሮ መፈጸም፣ መመስገን፣ ሥራው ራሱ፣ ኃላፊነትና እድገት፣ በአንድ ወገን እንደሚቆሙ፤ የሚያስመርሩት ደግሞ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱ ደንብ፣ የአለቃ ቁጥጥር፣ ደመወዝና የሥራ ቦታ ሁኔታ፣ ለብቻቸው በሌላ ወገን እንደሚመደቡ፣ የኋለኞቹ ቢሟሉም እንኳ ምሬት ይወገዳል እንጂ ፍሥሓ እንደማይመጣ አስተማሩ። ይህ ክፍፍል ለፒትስበርግ መሐንዲስ ይስማማው ይሆናል፤ መብራቱ እንደሚበራ ሳያስብ ወደ ቢሮው የሚገባ ሰው የሥራ ቦታን ሁኔታ ከሥራው ፍጻሜ ለይቶ ሊያይ ይችላልና። በጅጅጋ ግን ሁለቱ ወገኖች ተደባልቀው ነው የሚገኙት።

ሙያው በአገሪቱ ምሥራቅ እንዴት ሥር እንደ ሰደደ በአጭሩ እናውሳ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ለማገናኘት ወረዳ ኔት የተባለውን፣ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የፕላዝማ ትምህርትን ለማዳረስ ስኩል ኔት የተባለውን ሥራ በጀመረ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት የጽሕፈት መኪናና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ይታወቅባቸው በነበሩ ከተሞች ኮምፒውተርን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ጀመር። በ1999 ዓ.ም. ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተና የአገሩ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሐሮማያ ሳይሄዱ ሙያውን የሚማሩበት በር ተገኘ። ጤና ጥበቃ ዘገባውን ዲኤችአይኤስ ሁለት ወደተባለው የኮምፒውተር መረጃ ሥርዓት ሲያዛውር፣ የሶማሌ ማይክሮፋይናንስ፣ ኋላ ሸበሌ ባንክ የተባለው፣ ሄሎካሽ የተባለውን የስልክ ገንዘብ ይዞ ሲወጣ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሲመረቅ፣ የአይቲው ሥራ ከአንድ ክፍል ጥበቃ ወደ አገር ገንዘብና ጤና ጥበቃ ተሸጋገረ። በዚህ ላይ ሕዝቡ ለአዲሱ ነገር እንግዳ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ከድንበሩ ማዶ በሐርጌሳ ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሚሠራ፣ የድንበር ከተማይቱ የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ በስልኩ ገንዘብ መላክን የለመደው የአዲስ አበባ ባለሱቅ ነገሩን ከመስማቱ አስቀድሞ ነው። እንዲህ ያለውን ደንበኛ «ኔትወርክ የለም» ብሎ መመለስ እጅግ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሥራው እንቅረብ። የጤና ተቋማት ወርኃዊ ዘገባ በየወሩ በ20ኛው ቀን ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጥቂት ቀናት በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ላለው የመረጃ ባለሙያ የጭንቅ ቀናት ናቸው። ከየጤና ጣቢያው በወረቀት፣ በፍላሽ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ የመጣውን ቁጥር ሊያስገባ ይቀመጣል፤ ፍላሹን ሲሰካ ሾርትከት ቫይረስ ስለ ገባበት ፎልደሩ ሁሉ ባዶ መስሎ ይታየዋል፤ እርሱን በትዕግሥት አጽድቶ ሲጨርስ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት የላከው የአማርኛ ደብዳቤ በአሮጌ የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኖሮ በማሽኑ ላይ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ስለ ተከፈተ ከጎረቤት ክፍል ይጠሩታል፤ ፊደሉን ጭኖ ደብዳቤው እንዲነበብ አድርጎ ሲመለስ መብራት ይሄዳል። ባትሪው ከሞተ የቆየው ዩፒኤስ ሁለት ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል። ጄኔሬተሩ አለ፤ ነዳጁ ግን በሌላ ክፍል በጀት ላይ ነው፤ ቁልፉም በሌላ ሰው ኪስ ነው። በ26ኛው ቀን ከዞኑ ስልክ ተደውሎ «ዘገባው ለምን ዘገየ?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን ነዳጁን የያዘው ሰው አይደለም።

እንግዲህ ኸርዝበርግ «የሥራ ቦታ ሁኔታ» ብሎ በታናሹ ወገን ያኖረው የመብራት ጉዳይ በዚህ ስፍራ ምቾትን ብቻ አያጓድልም፤ ታላቁን የፍሥሓ ምንጭ፣ ጀምሮ መፈጸምን፣ ከሥሩ ይቈርጠዋል። የቀድሞው ቁም ጸሓፊ ኑሮው ምንም ያህል ድኻ ቢሆን ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ መቃውን ራሱ ቀርጾ ይጽፍ ስለ ነበር መጽሐፉ ቢዘገይ የዘገየበትን ምክንያት ራሱ ያውቀዋል፤ በሶማሌው የቁርኣን ትምህርት ቤትም ልጁ የሚጽፍበትን የእንጨት ሉሕ የሚያጥበው፣ የከሰሉንም ቀለም የሚያዘጋጀው ራሱ ነው። የአይቲው መሣሪያዎች ግን አንዱም በእጁ አይደለም፤ ኃይሉ ከመብራት ኃይል፣ መስመሩ ከቴሌ፣ ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ፣ መለዋወጫው ከድሬዳዋ ወይም ከዚያ ርቆ ይመጣል። ጅጅጋን የሚያውቅ ሰው ነፋሷንም ያውቃል፤ ከካራማራ ግርጌ የሚነሣው አቧራ በሰርቨር ክፍል ማቀዝቀዣና በኮምፒውተሩ ማራገቢያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ በከተማይቱ ለሚሠራ ሰው ከማናቸውም የቫይረስ ዓይነት የማይተናነስ ጠላት ነው። ለዚህ ጠላት በመጥረጊያና በብሩሽ እንጂ በጥበብ መልስ አይሰጥም፤ ስለዚህም አራት ዓመት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ ጠራጊ ሆኖ ይውላል።

መስመሩ የሚጠፋው በአደጋ ብቻ ደግሞ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ ሁከት በተነሣ ጊዜ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በእነዚያ ቀናት ሞትና ስደት ለደረሰበት ሰው የኢንተርኔት ነገር ከቁም ነገር አይቈጠርም፤ ይህን መዘንጋት ነውር ነው። ሆኖም ለሙያው ሰው ልዩ የሆነ አንድ ነገር ነበር፦ ችሎታው ሁሉ፣ ከራውተሩ ቅንብር እስከ ኬብሉ ምርመራ፣ በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ፤ አለቃውም ቢሆን ባለጉዳዩም ቢሆን ነገሩ ከእርሱ እጅ ውጭ መሆኑን እያወቁ «ምናለ አንድ ዘዴ ብትፈልግ?» ማለታቸውን አልተዉም። አላዋቂነት ሳይኖር አላዋቂ መስሎ መታየት፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሥራ ማጣት ቀጥሎ የሚመጣ መከራ ነው።

የደመወዝን ነገር አጠር አድርገን እንለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታልና። የፌዴራል መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻውን ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ማድረጉ የታወቀ ነው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ የውጭ ዕቃ በብዛት በሚሸጥባቸው የድንበር ከተሞች ጭማሪው ገና ሳይመጣ ዋጋው ቀድሞት ነበር። ይልቁንም ምሬቱን የሚያባብሰው ንጽጽር ነው። በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር የስደተኞች መጠለያዎች ምክንያት በጅጅጋ ብዙ የረድኤት ድርጅቶች ቢሮ አላቸው፤ በአንድ ክፍል አብረው የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ በመንግሥት፣ ሌላው በረድኤት ድርጅት ሲቀጠሩ የገንዘቡ ልዩነት ከቡና ቤት ጀምሮ ይታያል። የሚገርመው ግን የረድኤት ድርጅቱም ሠራተኛ ያጉረመርማል፤ ውሉ ከፕሮጀክቱ ጋር ስለሚያልቅ ቋሚ ቤት የሚሠራበት ተስፋ የለውም። ነገር ግን ስለ ሥራው ሲጠየቅ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ባትሪ ሲያልቅ ጠይቆ ያገኛል፤ ጠይቆም ካላገኘ ያላገኘበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠዋል።

ሌላው የውጭ ሊቃውንት አስተያየት በዚህ ስፍራ በከፊል ብቻ የሚሠራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዳንኤል ኩገርና ሮበርት ዛዋኪ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ የኮምፒውተር ሠራተኞች ከሌሎች ባለሙያዎች ይልቅ የመማርና የማደግ ጥማታቸው የበረታ፣ ከሰው ጋር የመቀራረብ ፍላጎታቸው ግን ያነሰ ነው ብለው ነበር። የመጀመሪያው ነገር በጅጅጋም እውነት ነው፤ ሌሊት ኔት ሲፈጥን ጠብቀው ትምህርት የሚያወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ግን ለዚህ አገር እንግዳ ነው። የአይቲው ባለሙያ ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ «ወላል (ወንድሜ)፣ ስልኬን እስቲ እይልኝ» የሚለው አይጠፋም፤ ያጎቱ ልጅ ላፕቶፑን፣ የሠፈር ሽማግሌው የልጃቸውን የውጭ አገር ጥሪ የሚቀበሉበትን ስልክ ይዘው ይመጣሉ፤ በዝምድና አገር ከዘመድ ገንዘብ አይጠየቅም። ይህ ድካም ነው፤ ሆኖም የእርካታውም ታላቁ ክፍል ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ፣ የፌዴራሉ ደብዳቤ አማርኛ፣ የፕሮግራሙ ትእዛዝ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ በሦስቱ መካከል ቆሞ ለባለጉዳዩም ለአለቃውም በሚገባቸው ልሳን የሚያስረዳው እርሱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስሙ የማይገኝ ሰው በሠፈሩ ይመሰገናል፤ አንዲት እናት ከሐርጌሳ ወይም ከሚኒያፖሊስ የልጇን ፊት በስልክ ስታይ የምትመርቀው ቴሌን አይደለም።

በመዝገብ ስሙ አይገኝም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራን መዝኖ ደረጃ የሚሰጠው፣ ሠራተኛው ጄኢጂ እያለ የሚጠራው ሥርዓት በየመሥሪያ ቤቱ በተሠራ ጊዜ፣ የሥራውን ክብደት ከሚለካባቸው ነገሮች መካከል በሥሩ የሚተዳደሩ ሰዎችና የሚሸከመው ኃላፊነት ስለሚገኙ፣ ማንንም የማያስተዳድርና ምንም የማይወስን ነገር ግን ሲጠፋ ሁሉ የሚቆምለት ሰው በዚያ ሚዛን ላይ ቀልሎ መገኘቱ አይቀርም። የግዢውም ነገር እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋልና፣ በግንቦትና በሰኔ ገንዘቡ እንዳይመለስ ሲባል ኮምፒውተርና ማተሚያ በብዛት ይገዛል፤ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚጠየቀው ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው። ቶነሩ በጅጅጋ ገበያ የማይገኝ ማተሚያ ተገዝቶ ሦስት ወር ተሸፍኖ ሲቀመጥ፣ ሸፋኙም የሚነቀፈውም አይቲው ነው። ለምን የጨረታ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው እርሱ አልሆነም? ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ የቢሮ ኃላፊ በአንድ ደብዳቤ ሊፈጽመው የሚችል ነው። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ወደዚያው ክፍል ማዛወርም እንዲሁ።

ሥልጣንና ኃላፊነት በአንድ እጅ ሲገኙ ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ገበያ እንውጣ። ከጅጅጋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቶጎ ውጫሌ፣ እንዲሁም በጅጅጋ በራሷ ገበያ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግኑ ጥቃቅን ሱቆች ተደርድረዋል። በብዙዎቹ ጣራ ላይ የፀሐይ ብርሃን ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ባትሪውን ባለሱቁ ራሱ ገዝቶታል፤ የሚሸጠውን መለዋወጫ ራሱ መርጦ ያመጣል፤ የማይጠገነውን ስልክ «አይሠራም» ብሎ ለባለቤቱ የመመለስ መብት አለው፤ ጉምሩክ ዕቃውን ሲይዝበት ያማርራል፣ ኪራዩ ሲጨምር ያማርራል፣ ስለ ሥራው ግን ሲያማርር እምብዛም አይሰማም። ገቢው ከመንግሥት ሠራተኛው ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ጡረታም የለውም። ደግሞም ከእነዚህ ጠጋኞች ጥቂት የማይባሉት ጠዋት በመንግሥት ቢሮ የሚውሉ ናቸው፤ በቢሮው ለአንድ ማተሚያ ሦስት ቀን የሚያንቀላፋው ሰው፣ ከሰዓት በኋላ በሱቁ የመብራት ሰዓቱ እስኪያልቅ ድረስ በማጉያ መነጽር የስልክ ሰሌዳ ላይ ጎንብሶ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ደንበኛው ነገ እንዲመጣ ቢለምነውም «ቆይ፣ ልጨርሰው» እያለ ይታያል።