በአሸዋና በወንዝ አፍ፦ የ1188ቱ የዌልስ ጠረፍ ጉዞ

እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌም በሳላሃዲን እጅ ስትገባ ወሬው ምዕራብ አውሮፓን አስደነገጠ። በማግስቱ ዓመት በዐቢይ ጾም የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ባልድዊን ለሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ዘማች ለማሰለፍ ወደ ዌልስ ዘለቁ። አብሯቸው የተጓዘው የብሬኮኑ ሊቀ ዲያቆን ጄራልድ ነበር። ጄራልድ በዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ በማኖርቢየር ግንብ የተወለደ፣ የኖርማንና የዌልስ ደም የተቀላቀለበት ሰው ነው።

ጉዞው ስድስት ሳምንት ያህል ወሰደ። ዌልስ የአትላንቲክ ዝናብ የሚወርድባት፣ ወንዞቿ እየሰፉ ወደ ባሕር የሚገቡባት አገር ናት። ድልድይ በሌለበት ዘመን የጠረፍ መንገደኛ ባሕሩ እስኪሸሽ ጠብቆ በአሸዋው ላይ ይሻገራል። በኔዝ ወንዝ አጠገብ አሸዋው የጄራልድን የጭነት ፈረስ ሊውጠው ደርሶ ነበር። ፈረሱ በብዙ ድካም ቢወጣም መጻሕፍቱ ተጎዱ።

በሀቨርፎርድዌስት ጄራልድ በላቲንና በፈረንሳይኛ ሰበከ። ሁለቱንም ቋንቋ የማያውቀው ሕዝብ እያለቀሰ መስቀሉን፣ ማለትም የመዝመት ስእለት ምልክቱን፣ ሊቀበል እንደተጋፋ ራሱ ጽፏል። በሰሜን፣ ወደ ባንጎር ሲያመሩ፣ ገደላማ ሸለቆ ገጠማቸው። ሁሉም ከፈረስ ወርደው በእግራቸው ሄዱ፤ ለኢየሩሳሌም መንገድ መለማመጃ እንዲሆናቸው ነበር። ፋሲካን ቼስተር ላይ አከበሩ።

ሦስት ሺሕ ያህል ሰው መስቀሉን ተቀበለ። የታሰበው ግን አልሆነም። ባልድዊን በ1190 አክሬ ከበባ ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ጄራልድ ከመዝመት ስእለቱ ተፈትቶ ቀረ፤ ኢየሩሳሌምም አልተመለሰችም።

የጸናው ጄራልድ ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ ነው። ስለ ኒውጌል ባሕር ዳርቻ የጻፈውን እንይ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ አየርላንድ በከረሙበት ወቅት ብርቱ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ወሰደው፤ ከሥሩም የዛፍ ጉቶዎች ብቅ አሉ፤ አፈሩም ጥቁር ነበር። ጄራልድ ምናልባት ከጥፋት ውኃ ዘመን የቀሩ ይሆናሉ ብሎ ገመተ። ዛሬ የምድር አጥኚዎች ምክንያቱን ያውቁታል፦ ከበረዶ ዘመን በኋላ ባሕሩ ከፍ ሲል የሰጠመ፣ ሺሕ ዓመታት ያስቆጠረ ደን ነው። ማዕበል ሲበረታ አሁንም ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዌልስ ጠረፏን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚከተል፣ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግር መንገድ ከፈተች። መንገዱ ኔዝንም ኒውጌልንም ያልፋል። የዛሬ እግረኛ ጄራልድ የጻፈውን ከቦታው ቆሞ ማመሳከር ይችላል። የዘማቾቹ ዘመቻ ከንቱ ቀረ፤ አንድ መንገደኛ ዐይኑ ያረፈበትን ሁሉ በትጋት መመዝገቡ ግን ለአገሪቱ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ሀብት ሆነላት። የጉዞ ማስታወሻ ከታሪክ ሰነዶች መካከል ክብር የሚገባው ለዚህ ነው።