ያልተመለሰው ደብዳቤ

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ የምናገረው ከአሰላ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ጎልማሶችን አስተምራለሁ።

በማታው ክፍል ከጭላሎ ግርጌ የሚመጡ አንድ ገብስ አራሽ አባት አሉ። አንድ ምሽት እጃቸውን አወጡና፣ «መምህር፣ በሬዲዮ ቆንሲል፣ ቆንሲል ሲሉ እሰማለሁ። ምንድን ነው እሱ? ዳኛ ነው ወይስ ነጋዴ?» አሉኝ። «ሁለቱንም በመጠኑ ነው፣ አባባ» ብዬ አለፍኩ። አዳሬን ግን መልሴ አላጠገበኝም።

ቆንሲል ማለት አንድ መንግሥት በሌላ አገር፣ ይበልጡን በወደብ ወይም በንግድ ከተማ፣ የሚያስቀምጠው ሹም ነው። የአገሩን ነጋዴ ጥቅም ይጠብቃል፤ የይለፍ ወረቀት ይሰጣል፤ የአገሩ ሰው ቢታሰር ይጠይቃል፣ ቢሞት ንብረቱን ይረከባል። ያየውንና የሰማውንም ለላከው መንግሥት ይጽፋል። አምባሳደር ግን ከመንግሥት ወደ መንግሥት የሚላክ ቃል አቀባይ ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ሰው ያስጨረሰችው እሷ ናት።

ወደ አገራችን የተሾመው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውዴን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ከጓደኛው ከጆን ቤል ጋር መጣ፤ በ1848 ቆንሲል ሆነ። መቀመጫው ምጽዋ ነበረች። ምጽዋ ያን ጊዜ በቱርኮች እጅ ነበረች። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለሆነ ፕላውዴን የሚዋዋለው ንጉሥ አላገኘም፤ ስለዚህ በጥቅምት 1842 ዓ.ም. ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ፕላውዴን ራሱ እንደጻፈው ራስ አሊ ውሉ ሲነበብላቸው ልባቸው ከወሬና ከፈረስ ላይ ነበር። በኋላም ወረቀቱ ክፉ ነገር የለበትም፣ ግን ምንም አይጠቅምም፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ በአሥር ዓመት አንድ የእንግሊዝ ነጋዴ እንኳ አይመጣም አሉ ይባላል። እውነታቸውን ነበር! ውሉ ሳይሠራበት በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል መቱ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ፕላውዴን ወደ አዲሱ ንጉሥ ሄዶ፣ «ቆንሲል እንድናቆም ይፍቀዱልን» ሲል ጠየቀ። ቴዎድሮስ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ሥርዓት ታሪክ ውስጥ የለም ብለው እንቢ አሉ። አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ግትርነት ይለዋል። እኔ አይመስለኝም። በዚያ ዘመን በቱርክ ግዛት ያሉ የአውሮፓ ቆንሲሎች የአገራቸውን ሰው ራሳቸው ይዳኙ ነበር እኮ። አገሩን ገና አንድ ለማድረግ የሚዋጋ ንጉሥ በቤቱ ሌላ ዳኛ ይቀበላል? ሰውየውን ግን አልጠሉትም። ፕላውዴን ዓመታት በአጠገባቸው ኖረ፤ ከመንግሥቱ ወደ ምጽዋ ተመለስ ተብሎ ሲጓዝ በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አካባቢ ሽፍቶች አቆሰሉት። የጎንደር ነጋዴዎች ገንዘብ ከፍለው አስለቀቁት፣ ግን ከቁስሉ አልዳነም።

በቦታው ቻርልስ ዳንካን ካሜሮን ተሾመ። ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦች ይዞ መጣ፤ ቴዎድሮስም በክብር ተቀበሉት። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ። ስለ ቱርኮች ግፍ ነገሯት፤ መልእክተኞቼን ልላክ፣ መንገዱን አመቻቺልኝ አሉ። ደብዳቤው በየካቲት 1863 እንደ አውሮፓውያን ለንደን ደረሰ። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ገባና ተቀመጠ። የሰረቀው የለም፣ ያቃጠለው የለም። መልስ የሚጽፍ ጠፋ።

በዚህ መሐል ካሜሮን በቱርክና በግብጽ እጅ ባለው በከሰላ በኩል ዞሮ ተመለሰ። ንጉሡ መልሱን ሲጠይቁት ባዶ እጁን ነው። ጭራሽ ከለንደን የመጣለት ወረቀት «ወደ ምጽዋ ሂድና እዚያ ተቀመጥ» የሚል ነበር፤ ለንጉሡ አንዲት መስመር የለችበትም። እንግዲህ ይታያችሁ፦ ቴዎድሮስ ካሜሮንን የወዳጅ ንጉሥ መልእክተኛ አድርገው አዩት፤ ለንደን ደግሞ የወደብ ሹም አድርጋ። በ1856 ዓ.ም. ወደ ገና ገደማ ካሜሮን በሰንሰለት ታሰረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የዚያን ጊዜ የእኛ የአርሲ ደጋ ከቴዎድሮስ ግዛት ውጭ በገዳ ሥርዓቱ ይተዳደር ነበር። የነፍጥ ጦርነት ወደዚህ የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በምኒልክ ዘመቻ ነው፤ መራራ ታሪክ ነው፣ ለብቻው ንግግር ይገባዋል። ለአርሲ ገበሬ የሩቅ አገር ወሬ የሆነውን ይህን ለምን አመጣሁት ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝ።

ካሜሮን መታሰሩ ሲሰማ ነው ለንደን የነቃችው። የንግሥቲቱ መልስ ተጽፎ ሆርሙዝ ራሳም የሚባል መልእክተኛ ያዘው፤ ቴዎድሮስ ዘንድ የደረሰው ግን በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! እስረኞቹ ተፈቱ፣ ተመልሰው ታሰሩ፣ ራሳምም አብሮ ታሰረ። እንግሊዝ ጄኔራል ናፒየርን ከሕንድ አዘመተች። 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ዙላ ላይ ወረዱ፤ ባቡር ሐዲድ እንኳ ዘረጉ። 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በ1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት አሮጌ ላይ ተዋጉ። ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ። በፋሲካ ማግስት ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ላይ በእጃቸው ሞቱ። ከመቅደላ የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸከሙት። ካሜሮንም ብዙ አልቆየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጄኔቫ ውስጥ ሞተ።

ከዓድዋ ድል በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አዲስ አበባ ላይ የውጭ ልዑካን ቤቶች ተከፈቱ፤ እንግሊዝም በሐረር፣ በጎሬ፣ በሜጋ፣ በማጂና በዳንግላ ቆንሲሎች አስቀመጠች። የዳንግላው ቺዝማን ጣናንና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ያነሳ ሰው ነው። ንግዱም ስለላውም አብሮ ይሄድ ነበር።

ይህን ሁሉ በማታው ክፍል ተረክሁ። እኒያ አባት ዝም ብለው ሰሙኝ። ለካ እሳቸውም ስለ ማሳቸው ወሰን ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስገቡት ማመልከቻ ዓመት አልፎታል። ገንዘብ ከፍለው ነው ያስጻፉት። በየገበያው ቀን ጎራ ይላሉ፤ «ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ይምጡ» ይባላሉ።

«መምህር» አሉኝ በመጨረሻ፣ «እዚያ ለንደን የሚያነብ ሰው አልነበረም እንዴ?»

«ሁሉም ማንበብ የሚችሉ ነበሩ፣ አባባ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ደብተራቸውን ገለጡና፣ «በል እንግዲያው፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀመር አሳየኝ። የአሁኑን እኔው ነኝ የምጽፈው» አሉ። ሰሌዳው ላይ ቀኑን ጻፍኩላቸው።