ሰገባውን የሰፋው ማን ነው?

በየዓመቱ የካቲት 23 ጎፈር የደፋ፣ ጋሻ ያነገበ፣ ጎራዴ የታጠቀ ሕዝብ አዲስ አበባን ይሞላታል። ደስ ይላል። ግን ጎራዴው የገባበትን ሰገባ ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ውጭ ፊልም በግራ ጎን ይታጠቀዋል።

አባቶች ጎራዴና ሾተል የሚታጠቁት በቀኝ ጎን ነበር። ግራው የጋሻ ነውና ሰገባው እዚያ ቢንጠለጠል መሰናክል ይሆናል። ቀበቶውም የሚቆረጠው ይህን ታስቦ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የሠሪው ጉዳይ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ብዙ የጎራዴ ስለት ከውጭ፣ በተለይም እንደ ጀርመኗ ሶሊንገን ካሉ የአውሮፓ ከተሞች ይመጣ ነበር። አንዳንዱ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል። ሰገባው ግን የአገር እጅ ሥራ ነው። የመኳንንቱ በከፋይና በብር ያጌጣል፤ የተራው ወታደር ቆዳ ነው።

ቆዳው ይነከራል፣ ጠጉሩ ይፋቃል፣ በእምቧይ ይለፋል። ከዚያም ገና እርጥብ ሳለ በቅርጹ ላይ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ስለቱን አጥብቆ ይይዛል። ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠ ስለሆነ ልክ ያልሆነ ሰገባ አያስመዝዘውም። ጦር ሜዳ ላይ ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ይህን የሚሠራው ሰው ስሙ «ፋቂ» ነበር። ቃሉ ሥራውን ብቻ ነው የሚናገረው፤ አገሩ ግን ስድብ አደረገው። ባለሙያው በብዙ ቦታ ርስት ተነፈገ፣ ጋብቻ ተከለከለ፣ ቡዳ ተባለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አልወጣም።

ጎራዴው ለጠመንጃ ቦታ ሲለቅም ቆዳው አልቀረም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቢቸና ዙሪያ እንደ በላይ ዘለቀ ካሉ አርበኞች ጋር የዘመተው ሰው ጥይቱን የሚሸከመው በዝናር ነበር። ዝናሩም ቆዳ ነው። ለጀግናው ተፎከረ፣ ተሸለለ፤ ወገቡን ላስታጠቀው ግን አንድ ስንኝ እንኳ ያሰበለት ጥቂት ነው።

በአገራችን አንዳንድ ገበያ በቀኑ ይጠራል፤ ሮብ ገበያ ስሙ ራሱ ይናገራል። ጠፍር፣ ጅራፍ፣ ኮርቻ የሚሠራ እጅ ሰገባም መስፋት ይችላል። የጠፋው ሙያው ሳይሆን የሚያዝዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ለመጪው የዓድዋ በዓል ጎራዴ የሚታጠቅ ሰው ከወዲሁ ወደ ቆዳ ሠሪ ይሂድ። ዋጋውን ሳይከራከር ይክፈል፣ የሠሪውን ስም ይጠይቅ፣ ማን ሠራልህ ሲሉትም ስሙን ይንገር። የአባቶችን ትጥቅ ለብሶ ትጥቁን የሠራውን መናቅ በዓሉን ግማሽ ያደርገዋል።