የምድር ባቡር ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

የዛሬው ወሬያችን ስለ ምድር ባቡር ነው።

ድስት ሲፈላ ክዳኑን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ብድግ ቁጭ ይላል። የሚያነሣው እንፋሎት ነው። ይኸው እንፋሎት በብረት በርሜል ውስጥ ከታፈነ ጉልበቱ ይበረታል፤ ብረት ይገፋል። የተገፋው ብረት ደግሞ መንኮራኩር ያዞራል። የድሮው ባቡር የሚሄደው በዚህ ነበር። ባቡር የሚለው ስምም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ መነሻው እንፋሎት ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ስቲቨንሰን የሚባል የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ነበር። እስከ 18 ዓመቱ ማንበብም መጻፍም አያውቅም። ቀን ሲሠራ ይውልና ከደመወዙ እየከፈለ ማታ ማታ ፊደል ቆጠረ፤ ሒሳብም ተማረ። በ1818 ዓ.ም. ከስቶክተን እስከ ዳርሊንግተን በተዘረጋው ሐዲድ ላይ ባቡሩን ራሱ ነዳ። የባቡር ፈልሳፊ እሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ከ20 ዓመት በፊት ቀድሞታል። መንገዱን ለሕዝብ ያበቃው ግን ስቲቨንሰን ነው።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። በ1871 ዓ.ም. ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሚባሉ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር ገቡ። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ኢልግ ለንጉሡ ድልድይ ሠሩ፤ በኋላም ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አስገቡ። ልባቸው ግን ባቡር ላይ ነበር። በ1886 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጧቸው፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

ባቡር ታዲያ እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። የብረት እግር በብረት ላይ ይንሸራተታላ! እንፋሎቱም ውሃ ይፈልጋል፤ መንገዱ ደግሞ በረሃ ነው። ስለዚህ ሐረር ሊገባ የታሰበው ሐዲድ ተራራውን ሸሽቶ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሆነች። የሐረር ነጋዴ ንግዱ ቁልቁል ወደዚያ ሲወርድበት አየ።

ከዚያ ገንዘብ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ሲያስገባ ምኒልክ ተቆጡ፤ በአገሬ ላይ የሌላ መንግሥት መንገድ አይሆንም አሉ። እንዲህ ሲባል ሥራው ለዓመታት ቆመ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም.፣ ኢልግ በ1908 ዓ.ም. ሞቱ። ሐዲዱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም አላዩትም።

ብቸናና ሞጣስ? የባቡሩን ፉጨት አልሰሙም። በፈቃዱ የታሰበው መንገድ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንጂ ወደ ጎጃም አልነበረም። ቢታሰብስ ኖሮ? ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዶ ደጀን የወጣ ሰው፣ ያ የእንፋሎት ባቡር እዚያ ምን ይገጥመው እንደነበር ጉልበቱ ይነግረዋል።