አውሮፕላኑ አደገ፣ ሜዳው ቀረ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የያዘው ዲሲ-3 ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ የሚችል አውሮፕላን ነበር። እንደ ሞጣ፣ ደብረ ታቦርና መካነ ሰላም ያሉ ከተሞች በበረራ ዝርዝር ውስጥ ሊገቡ የቻሉት እንዲህ ባሉ አውሮፕላኖች ነው።

ከዚያ አውሮፕላኑ አደገ። የዛሬው ኪው-400 ከ70 በላይ መንገደኛ ይጭናል፤ ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያም ይሻል። ከተሞቹ ዓለም አቀፍ መለያ ፊደላቸው ሳይሰረዝ መደበኛ በረራቸውን አጡ።

መንዝ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ወይ ማኮብኮቢያው ይረዝምለታል፣ ወይ ጭነት ይቀንሳል። ወንበር ባዶ ሲሄድ ትኬቱ ይወደዳል። መውጫ በሯ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለምትርቅ ተፎካካሪው አውቶቡስ ነው።

ስለዚህ «ማረፊያ ይሠራልን» ከማለት በፊት ሌላ ጥያቄ አለ፦ የትኛው አውሮፕላን ይመጣል? ወንበሩንስ ማን ይሞላዋል? የጓሳ ጎብኚ ብቻውን አይሞላውም። በግሼ ምጥ የያዛት እናትም ትኬት አትቆርጥም፤ እስከ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ክረምት የማይዘጋው መንገድ ነው የሚያስፈልጋት። ሜዳ መደልደል ቀላል ነው፤ አየር መንገድን የሚጠራው ግን መንገደኛ ነው።