ዛጎልና ባለ ዛጎል፤ ስለ ባሕር እንስሳት ስያሜ ታሪካዊ አስተያየት

የደጋ ተማሪ ባሕር ሳያይ ስለ ባሕር ይማራል። የሚደገፈው መምህሩ በሚሰጠው ቃል ነው፤ ቃሉ ከተሳሳተ የሚያርመው ነገር በዐይኑ ፊት የለም። ስለዚህ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ የባሕር እንስሳት በሳይንስ ታሪክ እንዴት እንደ ተመደቡና እንደ ተሰየሙ በአጭሩ ተመልክተን፣ ለአማርኛ የሚበጀውን አስተያየታችንን እናቀርባለን።

እንስሳቱን በልባሳቸው የመለየት ልማድ ጥንታዊ ነው። አርስጣጣሊስ «ደም የሌላቸው» ያላቸውን እንስሳት በአራት ከፍሏቸው ነበር። ኦክቶፐስንና መሰሎቹን ለስላሳዎች፣ ሸርጣንንና መሰሎቹን ልባሰ ስሶች፣ ቀንድ አውጣንና ባለ ሁለት ክዳኖቹን ልባሰ ጠንካሮች ብሎ፣ አራተኛውን ክፍል ለነፍሳት ሰጠ። ከልባሰ ጠንካሮቹ መካከል የባሕር ጃርትም ተቈጥሮ ነበር፤ ዛሬ ግን የባሕር ጃርት ከቀንድ አውጣ ጋር እንደማይዛመድ እናውቃለን።

ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው የምደባ መጽሐፉ ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ዛጎል ያላቸውን በአንድ ክፍል፣ ራቁታቸውን የሆኑትን በሌላ ክፍል አኖረ። በዚህም የተነሣ ቀንድ አውጣ ዛጎል ከሌለው የቅርብ ዘመዱ ተለየ። በአንጻሩ በዓለትና በመርከብ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ባርናክል፣ ጠንካራ ልባስ ስላለው ብቻ ከባለ ዛጎሎች ጋር ተደመረ።

ይህን አመለካከት የለወጠው ፈረንሳዊው ኩቪዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 ልባሱን ትቶ የውስጡን አካል መረመረ፤ ኦክቶፐስ፣ ቀንድ አውጣና ባለ ሁለት ክዳኖቹ የአንድ ወገን መሆናቸውንም አስረዳ። ዛሬ ሞለስክ የሚባለው ወገን ስሙን ያገኘው «ለስላሳ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ይሁን እንጂ ኩቪዬም ባርናክልን ከሞለስኮች አልለየውም። እ.ኤ.አ. በ1830 ቶምፕሰን የባርናክል ጫጩት እየዋኘ የሚያድግ፣ የሽሪምፕና የሸርጣን ወገን መሆኑን አሳየ። አንድን እንስሳ ከቤቱ ለይቶ ለማየት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ስካሎፕ የተባለው እንስሳ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ባዶ ዛጎሉን ብቻ ያየ ሰው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ሸንተረር ያለው ውብ ጌጥ ያያል። ሕያው እንስሳው ግን ሁለቱን ክዳኖች በአንድ ብርቱ ጡንቻ እያማታ፣ ውሃ እየገፋ ይዋኛል። በክዳኖቹ ጠርዝ የተደረደሩት ጥቃቅን ዐይኖቹ እስከ ሁለት መቶ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ላንድ የተባለው ተመራማሪ እነዚህ ዐይኖች ምስል የሚሠሩት በጐድጓዳ መስታወት እንደ ሆነ አስረድቷል።

የስካሎፕ ስም በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ቢታይ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ የቱን ገጽታ እንደ መረጠ ይገልጻል። ግሪክና ላቲን ሸንተረሩን አይተው «ሚዶ» አሉት። ፈረንሳይኛ ተሳላሚዎች ምልክት ስላደረጉት «የቅዱስ ያዕቆብ ዛጎል» ይለዋል። ጃፓንኛ ደግሞ አንዱን ክዳን አቁሞ በነፋስ እንደሚሄድ በማሰብ «ሸራ የሚያቆም ዛጎል» ብሎ ሰየመው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። «ዛጎል» አገልግል ላይ የምንሰፋው ባዶ ቤት ነው። «ቀንድ አውጣ» ግን የሚንቀሳቀሰውን፣ ቀንዱን አውጥቶ የሚያስገባውን ለስላሳ ፍጡር ይሰይማል። ስለዚህ ኩቪዬ በምርመራ የደረሰበት የቤትና የባለቤት ልዩነት በቋንቋችን ስያሜ ውስጥ ይገኛል።

ችግሩ የሚመጣው ተርጓሚ ሁሉንም በአንድ ቃል ለመጠቅለል ሲሞክር ነው። እንግሊዝኛ ሞለስኮችንና ሸርጣን መሰሎችን አንድ ላይ የሚጠራበትን የምግብ ስም «ቅርፊት ያለው ዓሣ» ብንለው፣ የአማርኛ አንባቢ ስለ ሌላ እንስሳ ይረዳል። ቅርፊት የዛፍም የእንቁላልም ቢሆን፣ የዓሣ ሲሆን ግን በገላው ላይ ያለው ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከውሃ እንስሳት የተፈቀዱት ክንፍና ቅርፊት ያላቸው ናቸው፤ ስካሎፕና ሽሪምፕ የሚገቡት ቅርፊት ከሌላቸው ወገን ነው። ትርጕሙ እንግዲህ ተገልብጦ ይቀርባል።

ጕዳቱ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። በውጭ አገር የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ «ቅርፊት ያለው ዓሣ ይከለክልሃል ወይ?» ቢባል፣ ሽሪምፕ ትንፋሹን የሚያሳጥረው ሰው እንኳ ያለ ሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መግለጫ ሕግ ሸርጣን መሰሎችንና ሞለስኮችን ለየብቻ ይዘረዝራል፤ የአሜሪካ ሕግ ግን የመጀመሪያዎቹን ብቻ ነው ከዋነኞቹ የአለርጂ ምግቦች የሚቈጥረው። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚያደበላልቅ ትርጕም ይህን ልዩነት ያጠፋል።

በእኛ አስተያየት «ሞለስክ» ለወገኑ በውሰት ቃልነቱ ይጽና፤ ፍቺው «ገላው ለስላሳ» ይሁን እንጂ «ባለ ዛጎል» አይሁን። ሁለት ክዳን ላላቸው «መንታ ክዳን»፣ ለስካሎፕ «ሚዶ ዛጎል» ቢባል ለደጋው ተማሪ ቅርብ ነው፤ ሚዶን ያውቃልና። ሽሪምፕና ሸርጣን በየስማቸው ይጠሩ። «ቅርፊት» ለዓሣ ይተው።

መምህሩም ዛጎል ይዞ ወደ ክፍል ሲገባ አስቀድሞ «በዚህ ውስጥ ማን ይኖር ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ስያሜውም ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባዋል።