ከጓሮ ቶርኖ እስከ አደባባይ፦ የእንግሊዝ የቤት ወርክሾፕ ልማድ ታሪክ

ሞዴል ኢንጂነሪንግ በመባል የሚታወቀው የእንግሊዞች ልማድ የሚንቀሳቀስ ማሽንን፣ አብዛኛውን ጊዜም የእንፋሎት ሞተርን ወይም የባቡር ሎኮሞቲቭን፣ በመጠን አሳንሶ በቤት ውስጥ መሥራትን የሚመለከት ሲሆን፣ ከልጆች መጫወቻ የሚለየው እውነተኛ እሳት፣ እውነተኛ ግፊትና እውነተኛ የብረታ ብረት ሙያ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ልማድ የሚጻፈው በአመዛኙ የማሽኖቹን ውበት የሚያወሳ ቢሆንም፣ ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ሰው ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ከአባት ወደ ልጅና ከባለሙያ ወደ ለማጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረ የእጅ ሙያ ለማንኛውም ፈላጊ የሚጻፍ፣ የሚሣልና በፖስታ የሚላክ እውቀት ለመሆን የበቃበት መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቤት ወርክሾፕ ሲጀመር የባለጸጎች እንጂ የሠርቶ አደሮች ነገር አልነበረም። ቶርኖ፣ ማለትም የሚሠራበትን እንጨት ወይም ብረት እያሽከረከረ በስለት የሚቀርጸው ማሽን፣ በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ የተከበረ የትርፍ ጊዜ መሣሪያ ሆኖ ነበር፤ ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉሚዬ በ1701 በሊዮን ከተማ ስለ ቶርኖ ጥበብ ሰፊ መጽሐፍ ያሳተመ ሲሆን፣ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስም አንድሬይ ናርቶቭ በተባለ ብልህ መካኒክ እየታገዘ በገዛ እጁ የዝሆን ጥርስ ይቀርጽ ነበር። በለንደን ደግሞ ከስትራስቡርግ የመጣው ጆን ጃኮብ ሆልትዛፕፌል በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያቋቋመው ድርጅት ወደ 2,500 የሚጠጉ ቶርኖዎችን ተራ ቁጥር እየሰጠ ለባለጸጎች የሸጠ ሲሆን፣ ዛሬ የእነዚህ ማሽኖች ባለቤቶች በቁጥሩ አማካይነት የመሣሪያቸውን የትውልድ ሐረግ ይከታተላሉ። የመሥራቹ ልጅ ቻርልስ ሆልትዛፕፌል ከ1843 ጀምሮ ማሳተም የጀመረውና ልጁ የቀጠለው ባለ አምስት ቅጽ ሥራ፣ ለጌቶች የተጻፈ ቢሆንም፣ የመሣሪያ አያያዝን አንድ በአንድ የሚያስረዳ በመሆኑ ለኋለኞቹ ድሃ አንባቢዎች ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል።

ሆኖም መጽሐፍ ብቻውን እውቀትን ከሰው ወደ ሰው ሊያሻግር አይችልም ነበር፤ አንዱ የሠራው ብሎን በሌላው ዳዶ ካልገባ የአንዱ ሥዕል ለሌላው አይረባምና። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው በራሱ ልኬት በመሆኑ፣ የአንድ ማሽን ብሎን ከጠፋ ምትኩ የሚገኘው ከሠራው ቤት ብቻ ነበር። በታዋቂው የለንደን መካኒክ በሄንሪ ሞድስሌይ ዘንድ ሠርቶ የነበረው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ እንዲሆንና ለየውፍረቱ የተወሰነ የጥርስ ብዛት እንዲኖር ሐሳብ አቅርቦ፣ ይኸው ሐሳብ በመላ አገሪቱ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ፣ በማንቸስተር የተሣለ ሥዕል በኮርንዎል ተነብቦ ሊሠራ የሚችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። የቤት ወርክሾፕ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነገር እንደ ደረቅ ቴክኒካዊ ጉዳይ ማለፋቸው ስሕተት ይመስላል፤ የኋላው መተጋገዝ ሁሉ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

መተጋገዙን ሥርዓት ያስያዘው ፐርሲቫል ማርሻል የተባለ የኢንጂነሪንግ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ እሱም በጥር 1898 «ሞዴል ኢንጂነር እና አማተር ኤሌክትሪሻን» የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ማርሻል እስከ ሞተበት 1948 ድረስ ለ50 ዓመታት ያህል በመራው በዚህ መጽሔት ላይ የሚጽፉት መሐንዲሶች ብቻ አልነበሩም፤ የቢሮ ጸሐፊውም፣ ሐኪሙም፣ ባቡር ነጂውም የሠራውን ነገር ከነሥዕሉና ከነልኬቱ ይልክ ነበር፤ ያልተሳካለትም እንዲሁ ይጠይቅ ነበር። መጽሔቱ በተመሠረተበት በ1898 በለንደን የሞዴል መሐንዲሶች ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1907 ደግሞ መጽሔቱ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ለሙያው ሰው፣ በዚያ ዘመን ፋብሪካ ውስጥ ለማጅነት የሚገባው ወጣት ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ያህል አገልግሎ የሚማረው ነገር በሁለት ፔኒ መጽሔት ላይ ተዘርግቶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ላይሆን ይችል ነበር፤ ሆኖም ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ ራሳቸው የፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ፣ ቀን በደመወዝ የሚሠሩትን ማታ በፈቃዳቸው የሚያስተምሩ ሆኑ።

ጀማሪውን የሚያግደው ትልቁ ችግር ብረት ማቅለጥ ነበር። ሞተር የሚሠራው ወርክሾፖች ጊዛ በሚሉት፣ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በሚፈስሰው ብረት በመሆኑ፣ ማቅለጫ የሌለው ሰው ቢፈልግም መጀመር አይችልም። ለዚህ መፍትሔ ያገኘው በቴምዝ ወንዝ አጠገብ በሄንሊ አካባቢ የነበረው ስቱዋርት ተርነር ሲሆን፣ በ1906 ያቋቋመው ኩባንያ የሞተሩን ክፍሎች ገና ባልተላጉ የጊዛ ቁራጮች መልክ ከሥዕላቸው ጋር በአንድ ሣጥን እያደረገ ይሸጥ ጀመር። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የታወቀው፣ ቁጥር 10 የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚቆም አነስተኛ ሞተር፣ የሲሊንደሩ ውስጠኛ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ እያንዳንዳቸው ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ሣጥኑን የከፈተ ሰው የሚያገኘው ግራጫና ሻካራ፣ አሸዋ የተጣበቀበት ብረት ነው፤ ቮላኖውን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚያስተካክለውን ከባድ ጎማ፣ በቶርኖው አፍ አስጨብጦ ስለቱን ሲያስጠጋ የብረቱ ቆዳ ሲቀዘቅዝ የጠነከረና አሸዋ የያዘ በመሆኑ፣ ፈሪ ሆኖ በቀጭኑ የላገ ሰው ስለቱ ወዲያው ይደንዝበታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ልግ ከቆዳው ሥር እንዲገባ ጠለቅ ማለት አለበት። ይህን የመሰለው ምክር በፋብሪካ ሥዕል ላይ አይጻፍም፤ መጽሔቱና ማኅበሩ ግን ደጋግመው የሚናገሩት እንዲህ ያለውን ነበር።

በዚህ ረገድ ማንም የማይተካከለው ጸሐፊ ኤልቢኤስሲ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሎረንስ ሲሆን፣ ፊደላቱ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የለንደን፣ ብራይተንና ደቡብ ጠረፍ ባቡር ኩባንያ አኅጽሮት ናቸው። በ1924 በአነስተኛ ሎኮሞቲቮች ቦይለር ጉዳይ ትልቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ቦይለር ውኃ የሚፈላበትና እንፋሎት የሚታመቅበት ጋን ሲሆን፣ ታላላቅ የሞዴል ነጋዴዎች በዚያ መጠን በአልኮል የሚነድ ቦይለር ይበቃል ሲሉ፣ ኤልቢኤስሲ ግን ትንሹ ሎኮሞቲቭ እንደ ትልቁ የድንጋይ ከሰል እየበላ ሰው ሊጎትት ይችላል ብሎ ተከራከረ። ሐዲዱ ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ ስፋት ባለው መንገድ ላይ «አየሻ» በተባለችው ሎኮሞቲቩ ይህንኑ በተግባር ሲያሳይ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው አማተር ሁሉ ከሞላ ጎደል የእሱን ወገን ያዘ። እስከ 1967 ዕለተ ሞቱ ለአሥርታት በጻፋቸው ተከታታይ መመሪያዎች፣ ሥዕሉን ዜማ ማብራሪያውን ግጥም እያለ፣ ሞረድና አነስተኛ ቶርኖ ብቻ ያለው ሰው እንዴት ሎኮሞቲቭ እንደሚሠራ ያስረዳ ነበር። አጻጻፉ ተሳዳቢና ራሱን አዋቂ አድርጎ የሚቆጥር መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ ለማያውቅ ሰው የሚጽፍ ጸሐፊ ምን ያህል መታገሥ እንዳለበት ከእሱ የተሻለ ያሳየ የለም።

መሣሪያው ራሱም ከባለጸጋው ሳሎን ወደ ጓሮው ክፍል የወረደው ቀስ በቀስ ነው። በጊልፎርድ አቅራቢያ የነበሩት የድሩሞንድ ወንድማማቾች በእግር እየተረገጠ የሚሽከረከር፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ቶርኖ በመሥራት ሲታወቁ፣ በኖቲንግሃም አጠገብ በቢስተን ሴሲል ሙር በ1934 የመሠረተው የማይፎርድ ኩባንያ ደግሞ በ1946 ኤምኤል7 የተባለውን ሞዴል አወጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት የወጣው ይህ ማሽን ከሚሽከረከረው መሀል እስከ አልጋው፣ ማለትም እስከ ማሽኑ አግድም መሠረት፣ 3 ኢንች ተኩል ከፍታ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል 20 ኢንች ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የአማተሩ መጽሔቶች ሥዕላቸውን ለዚህ መጠን እያስማሙ ስለሚያዘጋጁ፣ ማይፎርድ የሌለው ሰው እንኳ በማይፎርድ ልክ ማሰብ ግዴታው ሆነ። በአሜሪካም ሳውዝ ቤንድ የተባለው ኩባንያ፣ ከ1906 ጀምሮ፣ ተመሳሳይ ሚና ነበረው።

አሮጌ ማሽንን የማዳን ነገር ግን ከሞዴል ሥራ ዘግይቶ የመጣ ሌላ ምዕራፍ ነው። ትራክሽን ኢንጅን የሚባለው፣ በመንገድ ላይ በገዛ ኃይሉ የሚሄድና እህል መውቂያ የሚያሽከረክር የእንፋሎት ማሽን፣ በናፍጣ ትራክተር ተተክቶ፣ በየእርሻው ጥግ ዝጎ የቀረው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጥ ነበር። በ1950 በበርክሻየር በአፕልፎርድ መንደር አርተር ናፐር የተባለ ገበሬ ጓደኛውን ማይልስ ቼትዊንድ-ስቴፕልተንን በአንድ ፊርኪን ቢራ፣ ማለትም 41 ሊትር ያህል በሚይዝ በርሜል፣ ተወራርዶ ሁለቱ በማሽኖቻቸው ሲሽቀዳደሙ፣ ነገሩ ጨዋታ ቢሆንም ተመልካቹ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄዶ በ1954 ብሔራዊ የትራክሽን ኢንጅን ክበብ ተመሠረተ። በዚሁ ዘመን በዌልስ፣ በታይዊን የሚገኘው የታሊሊን ጠባብ ባቡር ሊዘጋ ሲል ደራሲው ቶም ሮልትና ወዳጆቹ በ1951 ተረክበው በበጎ ፈቃደኞች ማካሄድ ጀመሩ፤ በ1969 የጀመረው የዶርሴት የእንፋሎት ትርኢትም የዚሁ መንፈስ ልጅ ነው።

ከ1970ዎቹ ወዲህ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በተከታታይ ሲዘጉ ደግሞ ትላልቅ ቶርኖዎች፣ ፍሬዛዎች፣ ማለትም በሚሽከረከር ስለት ብረት የሚቀርጹ ማሽኖች፣ እና ትራፓኖዎች፣ ማለትም መብሻ ማሽኖች፣ በቁራጭ ብረት ዋጋ እየተሸጡ ወደ ጓሮ ክፍሎች ገቡ። የእነዚህ ማሽኖች ዋና ሕመም የአልጋቸው መበላት ነው፤ ስለቱን የሚሸከመው ክፍል ለዓመታት ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት መሐሉን ስለሚያጎደጉደው፣ ማሽኑ ቀጥ ያለ ነገር መሥራት ይሳነዋል። መድኃኒቱ ዊትዎርዝ በ1840 ለሳይንስ ጉባኤ ካቀረበው ዘዴ የመነጨ ሲሆን፣ ፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ የብረት ሰሌዳ ላይ ሰማያዊ ቀለም ስስ አድርጎ ቀብቶ አልጋውን ማስነካት፣ ሰማያዊ ሆኖ የወጣውን ከፍ ያለ ነጥብ በእጅ መፋቂያ መቁረጥ፣ ከዚያም እንደገና ቀብቶ ማስነካት ነው፤ መጀመሪያ ሦስት አራት የነበሩት ነጥቦች ቀስ በቀስ እንደ ኮከብ ሲረጩ ሥራው ወደ መጨረሻው መቅረቡ ይታወቃል። ሙዚየም እንዲህ ያለውን ማሽን በመስታወት ውስጥ ሊያኖረው ይችላል፤ መፋቂያውን የሚይዘው እጅ ግን የሚጠበቀው በሥራ ብቻ መሆኑን አማተሮቹ ከሙዚየም ኃላፊዎች በፊት አውቀውታል። በሌላ በኩል፣ አዲስ ቀለም ቀብተው፣ የተበላውን ክፍል በአዲስ ተክተው የማሽኑን ታሪክ የሚያጠፉ አድሳሾችም ስላሉ፣ ሙዚየሞች በእነሱ ላይ የሚያሰሙት ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ያልተረፉትን ማሽኖች ደግሞ እንደ ቼሪ ሂል ያሉ ሠሪዎች መልሰው አምጥተዋል፤ እንግሊዛዊቷ ሠሪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓተንት ሥዕሎች ላይ ብቻ የቀሩ የእንፋሎት ማሽኖችን በአንድ አሥራ ስድስተኛ መጠን እየሠራች፣ የኤዲንብራው መስፍን ዋንጫ የተባለውን ሽልማት ደጋግማ አሸንፋለች። አብዛኛው የሞዴል መሐንዲሶች ማኅበራት አባል ወንድ በሆነበት ዓለም ከፍተኛውን ደረጃ የያዘችው ሴት መሆኗ፣ ልማዱ ለሁሉም ክፍት ነው የሚለውን አባባል ማረጋገጫ ከመሆን ይልቅ፣ በሩ ለምን ያህል ሰው ጠብቦ እንደነበር ያስታውሳል።

ማኅበራቱ ዛሬም የያዙት ከባድ ኃላፊነት የቦይለር ምርመራ ነው። አዲስ ቦይለር በቀዝቃዛ ውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ እጥፍ በሆነ ግፊት ይፈተናል፤ ውኃ እንደ እንፋሎት ስለማይፈነዳ፣ ደካማ ስፌት ካለ ሰው ሳይጎዳ ያፈስሳል፤ ከዓመታት በኋላ የሚደገመው ፈተና ግን በአንድ ተኩል እጥፍ ይበቃዋል። መሣሪያውን በተመለከተም፣ የማይፎርድ ፋብሪካ በ2011 በቢስተን ሲዘጋ ስሙና ክምችቱ ወደ ዮርክሻየር ነጋዴ ቢዛወርም፣ መለዋወጫው አልጠፋም፤ ሥዕሉ በብዙ እጅ ስለነበረ የጎደለውን ሠርቶ የሚሸጥ አልታጣም። የድንጋይ ከሰሉ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዌልስ የእንፋሎት ከሰል ያቀርብ የነበረው የፎስ ኧ ፍራን ማዕድን በ2023 ከተዘጋ ወዲህ፣ የቅርስ ባቡሮችና የትንንሽ ሎኮሞቲቭ ባለቤቶች ከውጭ የሚመጣውን ከሰልና በፋብሪካ የሚጨመቀውን ምትክ ማገዶ በየቦይለራቸው እየሞከሩ፣ የትኛው ብዙ አመድ እንደሚተው፣ የትኛው የእሳት ምድጃውን ፍርግርግ እንደሚዘጋ፣ የትኛውም ዳገት ላይ ግፊት እንደሚያሳጣ እርስ በርስ በማሳወቅ ላይ ናቸው።